«ጋሼ፣ ይሄንን አልገጥምልዎትም»

ለአንድ ቸርኬና ጎማ ገጣሚ ልጅ ምስጋና ላቀርብ ነው። ስሙን እዚህ አላወጣም። «ሰው ከበዛብኝ ሥራው ይበላሽብኛል» ብሎ አስቀድሞ ለምኖኛል። የምር የቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

የምነዳው የ2022 ቴስላ ሞዴል 3 ነው። መኪናውን እወደዋለሁ፤ 18 ኢንቹ ቸርኬ ላይ የተለበጠውን የፕላስቲክ ሽፋን ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ልጄ «የድስት ክዳን» ነው የምትለው። አየሩ በጎማው ዙሪያ እንዳይታመስና ባትሪው እንዳይባክን የተሠራ መሆኑ አይጠፋኝም፤ ዓይኔ ነው እምቢ ያለው። እናም አንድ ቀን ያገለገለ 20 ኢንች ቸርኬ ከነጎማው ለሽያጭ ቀርቦ አየሁ። ጥቁር፣ ጠርዙ የተወለወለ፣ ሰፊ። ልቤ እዚያው ቀረ። የኔ መኪና አምስት ዳዶ፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብም ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቸርኬውም እንደዚያው። «ገጠመ ማለት ነው» አልኩና ገዛሁት።

የገጠመልኝ የመጀመሪያ ቦታ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ በሃያ አምስት ደቂቃ ጨርሶ ሸኘኝ። ያን ቀን ፍጥነታቸውን አድንቄ ነበር፣ ጅል።

ፍጥነቱ 90 ሲያልፍ መሪው በእጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጉብታ ላይ ስወጣ ከፊት በኩል ጎማው ፓራፋንጎውን «ግርር» አድርጎ ይፍቀዋል። የጎማ አየር ማስጠንቀቂያው በርቶ አልጠፋም። ተመልሼ ስሄድ «ባላንስ ነው» አሉኝ። ባላንስ ተሠራ። አሁንም ይንቀጠቀጣል። ድጋሚ ባላንስ። በሦስተኛው «ጎማው ነው፣ ይላመዳል» ተባልኩ። ጎማ እንደ ጫማ ይላመዳል ሲባል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወደዚህ ልጅ የላከኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስደርስ ገና ከመኪና ሳልወርድ «ጋሼ፣ ከሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለውን ስቲከር ላንብብ» አለኝ። አነበበ፣ ጻፈ። ከዚያ አራት ትንንሽ የላስቲክ ድጋፎች አምጥቶ ከመኪናው ሥር ባሉት አራት የማንሻ ቦታዎች ላይ አንድ በአንድ ሰካና ክሪኩን እዚያ ላይ ብቻ አሳረፈ። ለምን እንደዚህ እንደሚጠነቀቅ ስጠይቀው በባትሪ መብራት ወደ ሥር አሳየኝ። ከማንሻው ቦታ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንድ የተፋቀ ክብ ምልክት አለ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ክሪካቸውን ያሳረፉበት ነው። «ይሄ የባትሪው ሳጥን ነው። ቀለሙ ብቻ ነው የተላጠው፣ አልጎደጎደም፤ እግዚአብሔር ነው የጠበቀዎት» አለኝ። በቤንዚን መኪና የለመደ ሰው ከሥር ጠፍጣፋ ነገር ሲያይ ክሪክ ማሳረፊያ ይመስለዋል። በኤሌክትሪክ መኪና ጠፍጣፋው ወለል መኪናው ውስጥ ያለ እጅግ ውዱ ዕቃ ነው።

ዳዶዎቹን ሲፈታ አንዱ ቱቦ አስረዝሞበት ነው የወጣለት። በአየር መፍቻ እስከ ጥግ አንቀው አስረውት ነበር። ለዚህ መኪና የዳዶ ማጥበቂያ ኃይሉ ልክ 175 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲታነቅ ብረቱ ይለጠጣል፣ የፍሬን ዲስኩም ሊጣመም ይችላል።

የመንቀጥቀጡን ምክንያት ለማግኘት አምስት ደቂቃም አልፈጀበትም። ቸርኬውን አውርዶ የመሀሉን ቀዳዳ በቬርኒየር ለካ፦ 73.1 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ ቸርኬው የሚቀመጥበትን የመኪናውን የመሀል ጉብታ ለካ፦ 64.1። ንባቡን በራሴ ዓይን እንዳይ መለኪያውን ወደኔ አዞረው። በሁለቱ መካከል 9 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ አለ፣ በዙሪያው ሲካፈል በየጎኑ አራት ተኩል። ቸርኬው መሀሉ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው ማለት ነው። ከመኪናው ፋብሪካ ውጭ ተሠርቶ የሚሸጥ ቸርኬ ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን መሀሉ ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀጭን ቀለበት ይገባበታል። የኔ ቀለበቱ የለውም። ባላንስ መሥሪያው ማሽን ደግሞ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ መሀል ለመሀል ስለሚይዘው እዚያ ላይ ሁልጊዜ «ዜሮ» ያሳያል። ደጋግሞ የተለጠፈልኝ የባላንስ እርሳስ ሁሉ በከንቱ ነበር።

«በል ቀለበቱን አግባልኝና ልሂድ» አልኩት። ያን ጊዜ ነው «ጋሼ፣ ይሄንን አልገጥምልዎትም» ያለኝ።

ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው በኋላ መስታወቴ አቧራ ላይ በጣቱ መጻፍ ጀመረ። የፋብሪካው ቸርኬ ስፋቱ 8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያርፍበት ፊት ከስፋቱ መሀል በሚሊ ሜትር የሚርቀው፤ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል) 40። የገዛሁት 9.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 25። አንድ ኢንች ጭማሪው 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሹ፣ 12.7ቱ፣ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከኦፍሴቱ የቀነሰው 15 ይታከልበታል። ድምር 27.7። ጎማዬ ከፋብሪካው ቦታ ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወደ ውጭ ወጥቷል። በዚያ ላይ ጎማው 255/35 ባለ 20 ሲሆን ቁመቱ 686 ሚሊ ሜትር ከምናምን ይመጣል፤ የፋብሪካው 235/45 ባለ 18 ግን 669 አይሞላም። ሰፍቶም ረዝሞም ፓራፋንጎ ባይነካ ነው የሚገርመው። ቆጣሪውም 100 ሲል እኔ በእውነቱ ወደ 103 እየሄድኩ ነበር።

ልጁን ያስቆመው ግን ይህ አልነበረም። ቸርኬውን ገለበጠና ከክንዶቹ ጀርባ የሆነ ጽሑፍ ፈለገ። በጣቱ ዳሰሰ፣ በብሩሽ ጠረገ፣ መብራት አበራ። ምንም የለም። ቸርኬ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ከጀርባው ይታተምበታል፤ የጃፓኑ ጄደብሊውኤል ዓይነት የፈተና ምልክትም ይኖረዋል። የኔው መጠኑን ከመናገር በቀር ዲዳ ነው። ይህ መኪና ከነባትሪው ሲጫን በኋላው አክስል በኩል በአንድ ጎማ ላይ ከ600 ኪሎ በላይ ሊያርፍ ይችላል። «ቤንዚን የሚጠጣ ትንሽ መኪና ቢሆን ምናልባት። ይሄ መኪና ከባድ ነው፣ ሲነሳም በአንዴ ነው የሚስፈነጠረው። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቢሰነጠቅ እኔ ነኝ የገጠምኩት» አለ። መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ብዙዎቻችን ትልቅ ቸርኬ ለዓይን ብቻ የሚከፈልበት ይመስለናል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ በርቀትም ይከፈላል። የ2024ቱን ባለ ሁለት ሞተር ሎንግ ሬንጅ ሞዴል 3 እንኳ ብናይ፣ በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) መለኪያ በ18 ኢንች 341 ማይል፣ በ19 ኢንች ደግሞ 305 ማይል ነው የተሰጠው። ያው መኪና፣ ያው ባትሪ፤ ልዩነቱ ወደ 58 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በ20ው ላይ በነበርኩበት ሳምንት የባትሪው መቶኛ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ «ባትሪዬ ደከመ» ብዬ ተጨንቄ ነበር።

በመጨረሻ የመረጥነው (የመረጠልኝ ብል ይሻላል) እዚያው 18 ኢንች፣ 8.5 ስፋት፣ ኦፍሴት 35 ነው። ከፋብሪካው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ወጣ ያለ፤ ለዓይን ይበቃል፣ ብረት አይነካም። የመሀሉ ቀዳዳ ልክ 64.1 ስለሆነ ቀለበት አያስፈልገውም። ከጀርባው 690 ኪሎ ታትሞበታል። አዲስ ጎማ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፤ የድስት ክዳኖቹ ላይ የነበሩትን የድሮ ጎማዎቼን አስመጥቶ ጥርሳቸውን ለካና «ገና ናቸው፣ የጭነት ቁጥራቸውም 98 ነው፣ 750 ኪሎ ይችላሉ፤ ለምን ይጥሏቸዋል?» ብሎ እነሱኑ አዛወረልኝ። የአየር መለኪያ ሴንሰሮቹንም አብሮ። የማስጠንቀቂያው ምስጢር እዚህ ጋ ተፈታ፦ የኔ መኪና ሴንሰሮቹን በብሉቱዝ ነው የሚያነበው፤ ከ20ው ጋር የመጡት ግን በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ የቀደሙት ሞዴሎች ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቢጠሩ መኪናዬ አይሰማቸውም።

ሲገጥም ቆሜ አየሁት። ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈተገው። ዳዶዎቹን መጀመሪያ በጣቱ፣ መፍቻ ሳይነካ፣ አምስቱንም እስከ ውስጥ አዞረ። ከዚያ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን አስሮ ትይዩውን። መኪናውን አውርዶ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» በሚለው የቶርክ መፍቻ አጠበቃቸው። ጨርሶ ሲያበቃ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረና ሃያውንም እንደገና አዳመጠ። መኪናው ስክሪን ላይ ገብቶ የቸርኬውን ዓይነት አስተካከለ፣ ሴንሰሮቹን አስነሳ፣ «ከ25 በላይ ለአሥር ደቂቃ ይንዱት፣ ራሱ ያገኛቸዋል» አለኝ። አገኛቸው።

እንከኑንም ልናገር። ቀርፋፋ ነው፤ አራት ሰዓት ቆይቻለሁ፣ መቀመጫውም አንድ የተገለበጠ ጎማ ነው። ስልክ አያነሳም። የሌባ መከላከያ ዳዶም አይወድም፤ «ቁልፉ ይጠፋል፣ ከዚያ እኔ ጋ በመሮ ልፈታው ይመጣሉ» ይላል። በዚህ አልተስማማንም፣ አሳሰርኩት።

80 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ እንድመለስ አዞኝ ነበርና ተመለስኩ። ከሃያው ሁለቱ ዳዶ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ «ቀጭ» አሉ፣ አበቃ። ለዚያ አላስከፈለኝም። መሪው በ100ም በ110ም ጸጥ ያለ ነው።

የ20ዎቹ ቸርኬዎች ግድግዳ ተደግፈው ገዢ እየጠበቁ ነው። ለመጣው ሁሉ የሚሸከሙት ኪሎ እንዳልተጻፈባቸው እነግረዋለሁ። ሁለት ሰው ሰምቶኝ አመስግኖ ሄዷል።

ልጁ ጋ የምትሄዱ፣ የበሩን ምሰሶ ስቲከር፣ የጎማችሁን ጎንና የቸርኬውን ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ ሂዱ። እኔ የፊቱን ብቻ አንሥቼ ነበር የሄድኩት፤ ስልኩን አየት እንኳ ሳያደርግ ነው የመለሰልኝ።