ከራይሊ የድንጋይ ከሰል ለሚያመላልሱልን አዛውንት ምስጋና፣ ለገጠር ነዋሪ ወገኖችም ጥቆማ

በካናዳ አልበርታ፣ ከኤድመንተን ወጣ ብላችሁ በቶፊልድ፣ በካምሮዝ ወይም በቫይኪንግ በኩል የገጠር ቤት የያዛችሁ ወገኖች፣ የማሞቂያ ወጪ ካማረራችሁ ይህን አንብቡት። ላመሰግናቸው የፈለግኩት ሰው ጡረታ የወጡ የአካባቢው ገበሬ ናቸው። በተጎታች መኪናቸው ራይሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ካለው የማዕድን ማውጫ የድንጋይ ከሰል እየጫኑ ለጎረቤት ያደርሳሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሽማግሌው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤታችን የተፈጥሮ ጋዝ መስመር የለውም፤ የሚሞቀው በፕሮፔን ነው። ጥር ላይ ታንኩ ሲሞላ የሚመጣው ሂሳብ ከቤት ብድሩ ጋር ይፎካከራል። ምድር ቤት ውስጥ ግን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የተዉት የከሰል ምድጃ አለ። ከሰል ማፈላለግ ስንጀምር አንድ ሻጭ ከፔንስልቬንያ የመጣ፣ በከረጢት የታሸገ አንትራሳይት የሚባል ጠንካራ የድንጋይ ከሰል አቀረበልን። ደህና ከሰል ነው፤ ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ። ዋጋው ግን ከፕሮፔኑ ብዙም አይርቅም። ከሰል ጉድጓዱ አፍ ላይ ርካሽ ነው፣ የሚያስወድደው መንገዱ ነው ያሉን ሽማግሌው ናቸው። በሀይዌይ 14 ላይ ባለችው ራይሊ አጠገብ፣ ዶድስ የሚባለው የማዕድን ማውጫ ለቤት ማሞቂያ የሚሆን ከሰል በችርቻሮ እንደሚሸጥም የሰማነው ከእሳቸው ነው። አልበርታ እ.ኤ.አ. በ2024 ከከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ስላቆመች ብዙ ሰው ከሰል ራሱ የተከለከለ ይመስለዋል። የቆመው የመብራቱ ነው።

ስንደውልላቸው ዋጋ አልነገሩንም። «መጀመሪያ ምድጃውን ልየው» አሉ። ባትሪያቸውን ይዘው መጡና የምድጃውን ሆድ፣ ከታች ያለውን የብረት ወንፊት፣ የጭስ ማውጫውን መገጣጠሚያ ሁሉ አዩ። ምድጃው ለከሰል የተሠራ መሆኑን አረጋገጡልን። ለእንጨት ብቻ በተሠራ ምድጃ ከሰል ማንደድ ብረቱን ያጣምመዋል፣ አደጋውም ሌላ ነው። ከዚያ የቤት ኢንሹራንሳችሁ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁ። የምስክር ወረቀት ያለው የምድጃና የጭስ ማውጫ መርማሪ አይቶ ሪፖርት እስኪሰጠን ድረስ አንዲት ኪሎ እንደማያመጡልን ነገሩን። ሊሸጥ የመጣ ሰው እንዲህ ብሎ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ከሰል የሚለውን ስትሰማ ደነገጠች፤ በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ወሬ ሀገር ቤት ያልሰማ የለም። ልክ ነበረች። ሽማግሌውም ቢሆኑ አጥብቀው ያስጠነቀቁን ስለዚሁ ነው፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ በየመኝታው ፎቅ ይሰቀል፣ ባትሪው ይፈተሽ። በነገራችን ላይ ሱቅ የሚሸጠው የሥጋ መጥበሻ የእንጨት ከሰል ለማሞቂያ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነድም። ይህን የምለው በክረምት ጋራዥ ውስጥ የሚያቀጣጥሉ ሰዎች ስላሉ ነው።

ሪፖርቱ እንደተሰጠን የመጀመሪያውን ጭነት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አመጡ። ያኔ ለምን? ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው ስለሚሯሯጥ ወረፋ ይበዛል፣ በረዶ የወረደበት ከሰል ደግሞ ሲመዘን የበረዶውንም ዋጋ ትከፍላላችሁ። የሚዛኑን ወረቀት ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ። ቶን ሲባል የትኛው ቶን እንደሆነ ጠይቁ፤ 1000 ኪሎ ነው ወይስ አሜሪካኖቹ የሚሉት 907 ኪሎ ገደማ? ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ልግዛና ልገላገል ብላቸው እንቢ አሉ። የአልበርታ ከሰል ለስላሳ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ይፈረካከሳል፣ ተከምሮ ሲቆይም ከውስጥ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ክረምት የሚበቃው ብቻ፣ ያውም ክዳን ባለው ደረቅ ቦታ። ሙቀቱም ከአንትራሳይት ያነሰ ነው፤ በኪሎ 18 እስከ 20 ሜጋጁል ገደማ፣ አንትራሳይቱ ወደ 30 ይጠጋል። የቶን ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስሉ። ለእኛ በመንገዱ ምክንያት የቅርቡ አሁንም ይረክሳል፤ ቶሮንቶ አጠገብ ላለ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አቀጣጠሉን ያስተማሩኝ ተቀምጠው ነው። መጀመሪያ በደረቅ እንጨት ፍም ይሠራል፣ ከሰሉ ትንሽ በትንሹ ይጨመራል፣ አየሩ የሚገባው ከወንፊቱ በታች ነው። ፍሙን ሙሉ በሙሉ አትሸፍነው አሉኝ፤ አንድ ጥግ ላይ ነበልባል ይታይ፣ አለዚያ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። የምድጃውን በር ከመክፈትህ በፊት የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ክፈት። አመዱ በክዳን ብረት ባልዲ ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት በረንዳው ርቆ ይቀመጣል፤ ጎመን ለተተከለበት መደብ አይሆንም፣ በረዶ ላይ ሲበተን ግን እግር ያስይዛል። ሚያዝያ ላይ ምድጃው ሲጠፋ ቱቦው ወዲያው ይጠረጋል። የቀረው አመድ የበጋውን እርጥበት ሲስብ ብረቱን ይበላዋል።

እውነቱን ለመናገር ከሰል ንጹሕ ነገር አይደለም። ነፋሱ ወደ ጎረቤት ሲነፍስ ሽታው ይታወቃል፣ ልብስ ላይም ይቀራል። ከተማ ውስጥ ጋዝ ያላችሁ ሰዎች ለገንዘብ ብላችሁ እንኳ አታስቡት። እኛን ያሳመነን ሌላም ነገር አለ፦ የፕሮፔን ማሞቂያችን ሙቀቱን የሚነፋው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2024 በዚያ ብርድ መንግሥት በየስልኩ ማስጠንቀቂያ ልኮ መብራት ቆጥቡ ያለውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ይህ ምድጃ መብራት አይፈልግም።

ሽማግሌው ለማድረሻ የሚያስከፍሉት በርቀት ነው፤ ዋጋውን ከመጫናቸው በፊት ይናገራሉ፣ ከደረሱ በኋላ አይጨምሩም። ጉርሻ ብንሰጣቸው አልተቀበሉም፤ የእናቴን ድፎ ዳቦ ግን ይዘው ሄዱ፣ በሚቀጥለው ጭነት ደግሞ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አማርኛ ስለማያነቡ ምስጋናዬን በቃል ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ የጻፍኩት እናንተ እንድታውቋቸው ነው።

ስልካቸውን በአደባባይ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የምትኖሩበትን ቦታ፣ የምድጃችሁን ፎቶና የመርማሪውን ሪፖርት አብራችሁ ላኩ፣ ያለዚያ መልሳቸው አንድ ነው። ተጎታቻቸው አንድ ብቻ ስለሆነ ከመስከረም በፊት ብትጽፉ ይሻላል።