የፍላስክ ፍላሽ ሜሴጅ፣ ከ5ቱ 4 ሰጥቼዋለሁ

ፓይተን ላይ ዌብሳይት የምትሰሩ ፍላስክ የሚባለውን ፍሬምወርክ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ማውራት የፈለኩት ግን ውስጡ ስላለችው ፍላሽ ሜሴጅ ነው። ያው ዩዘሩ ፎርም ሞልቶ ሴቭ ሲል ሪዳይሬክት ይደረግና ቀጣዩ ፔጅ ላይ "ምዝገባዎ ተሳክቷል" የምትል አረንጓዴ ሳጥን ብቅ ትላለች፣ ሪፍሬሽ ሲያደርገው ደሞ የለችም። ይቺ ከሌለች ሰው ገባልኝ አልገባልኝም እያለ በተኑን ይደጋግመዋል፣ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍማ አንዱን ሰው ሶስቴ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

አጠቃቀሙ በጣም ቀላል ነው፣ ኮዱ ላይ ፍላሽ ብሎ ጽሁፉን መስጠት፣ ቤዝ ቴምፕሌቱ (ሌሎቹ ፔጆች የሚወርሱት ዋናው ኤችቲኤምኤል) ላይ ጌት ፍላሽድ ሜሴጅስን በፎር ሉፕ ማዞር፣ አለቀ። ዳታቤዝ ምናምን አይፈልግም። ሲክሬት ኪ (ሴሽኑ የሚፈረምበት ሚስጥር ቁልፍ) ማስገባት ብቻ እንዳትረሱ፣ ሜሴጁ ሴሽን (የእያንዳንዱ ዩዘር ጊዜያዊ መረጃ) ውስጥ ስለሆነ የሚቀመጠው ያለሱ ኤረር ይሰጣችኋል። ለዲዛይን ቡትስትራፕን የምትጠቀሙ ደሞ የሜሴጁን ካቴጎሪ (አይነቱን) ኤረር ብላችሁት ቀይ አልሆነም ብላችሁ ፍላስክን እንዳትረግሙት፣ የቡትስትራፕ ቀይ ስሙ ዴንጀር ነው።

አሁን ወደሚያናድደው። ሜሴጁ የሚጠፋው ቴምፕሌቱ ሲያነበው ብቻ ነው። ስለዚህ የሎጊን ፔጃችሁ ለብቻው የተሰራ ሆኖ ሜሴጅ የማያሳይ ከሆነ "ፓስወርድ ተሳስቷል" እዛው ሴሽን ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዛ ሰውዬው በስንት መከራ ሲገባ ዳሽቦርዱ ላይ ሶስት አራት ቀይ ሳጥን ተደርድሮ ይጠብቀዋል፣ ገብቶ እኮ ነው! ሌላው የፍላስክ ሴሽን እንዲሁ ካልቀየራችሁት ኩኪ (ብራውዘሩ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዳታ) ነው፣ ኩኪ ደሞ ወደ 4 ኪሎባይት ቢይዝ ነው። ዩዘሩ የኤክሴል ፋይል ሲጭን የተበላሸውን ረድፍ በሙሉ በሜሴጁ ልዘርዝር ካላችሁ ያልፈዋል፣ ያኔ ሜሴጁ ድምጹን አጥፍቶ ይቀራል፣ ዩዘሩ ጋ ምንም አይደርስም። አማርኛ ፊደል ከእንግሊዝኛው የበለጠ ባይት ስለሚበላ እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚሞላው። ሌላው የፓይተን ፍሬምወርክ ጃንጎ እዚህ ላይ ይበልጠዋል፣ 2048 ባይት ኩኪው ላይ አልበቃ ካለው ትርፉን ራሱ ሰርቨሩ ላይ ወዳለው ሴሽን ያዞረዋል።

አንዱን የቀነስኩበት ለዚህ ነው። ለተራ ፎርም አጭር ሜሴጅ እየሰጣችሁ ተጠቀሙበት፣ ፊት ለፊቱን (ዩዘሩ የሚያየውን) በጃቫስክሪፕቱ ሪአክት የምትሰሩ ግን አትድከሙ፣ ፔጁ ሪሎድ ስለማያደርግ ሳጥኗ ብቅ የምትልበት ቦታ የላትም፣ ቶስት (ብቅ ብሎ የሚጠፋ ትንሽ ማሳወቂያ) የሚያሳይ ላይብረሪ ብትፈልጉ ይሻላችኋል።