ማህፀንን በካሜራ ማየት፦ ፅንስ ደጋግሞ ለሚጨናገፍባቸው ሴቶች የሚሰጥ አገልግሎት ግምገማ

ፅንስ ከአንድ ጊዜ በላይ የተጨናገፈባቸውን ሴቶች በሚቀበል አንድ የአዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ሂስትሮስኮፒ፣ ማለትም የማህፀንን ውስጥ በቀጭን ካሜራ የማየት ምርመራ፣ አድርጌያለሁ። ሕክምናው የሚመሰገን ነው፤ መስተንግዶው ግን ብዙ ይቀረዋል።

ከሁሉ ያረካኝ ሐኪሟ ታሪኬን የጠየቁበት መንገድ ነው። ሌሎች ዘንድ የደም ምርመራ እየታዘዘልኝ ከመሰናበቴ በቀር ማንም ያልጠየቀኝን፣ ፅንሱ ቀደም ሲል ከተጨናገፈብኝ በኋላ ማህፀኔ በምን መሣሪያ እንደተጠረገና ከዚያ ወዲህ የወር አበባዬ ቀንሶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ማህፀን በብረት መሣሪያ ሲፋቅ የውስጠኛው ሽፋን ከሥሩ ሊጎዳና ግድግዳዎቹ በጠባሳ ሊጣበቁ እንደሚችሉ፣ ይህም ክፍተቱን አጥብቦ ሽፋኑንም አቅጥኖ ፅንሱ በቅጡ እንዳይተከል ሊያደርግ እንደሚችል አስረዱኝ። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ እርሱ በጻፈው ሐኪም በጆሴፍ አሸርማን ስም ይጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በብረት ከመፋቅ ይልቅ በቫኪዩም መምጠጥን ወይም መድኃኒትን የሚመክር ሆኖ ሳለ፣ ታካሚዋ በምን እንደተጠረገች እንኳ ሳይነገራት መሸኘቷ ይገርመኛል።

በአልትራሳውንድ የታየችውን ትንሽ ማዮማዬን (ካንሰር ያልሆነች የማህፀን ጡንቻ ዕጢ) ደግሞ፣ ሌላ ቦታ በቀዶ ሕክምና እንድትወጣ ተመክሬ የነበረ ቢሆንም፣ በውጨኛው ግድግዳ ላይ ስላለች ሊነኳት አልፈለጉም። ለፅንስ ይበልጥ የሚያሰጋው ወደ ማህፀን ክፍተት የገባ ማዮማ ነው ብለውኛል።

ምርመራው የወር አበባ እንደቆመ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይደረጋል። ሕመሙ የወር አበባ ቁርጠትን ይመስላል፤ የሚቻል ነው። ጠባሳው በማያ ገጹ ላይ ሲታይ በዚያው በካሜራው በኩል በገባ ትንሽ መቀስ ተለቀቀ፤ ተመልሶ ሊጣበቅ ስለሚችልም የኢስትሮጅን (የማህፀን ሽፋንን የሚያሳድግ ሆርሞን) መድኃኒትና ድጋሚ የማየት ቀጠሮ ተሰጠኝ። ፎቶዎቹም በእጄ አሉ።

ሐኪሟ ተስፋ አልሸጡልኝም። ጠባሳን ማስለቀቅ በብዙዎች ላይ የወር አበባን እንደሚመልስ፣ ቀጣዩ ፅንስ እንዳይጨናገፍ እንደሚከላከል የሚያረጋግጥ ጠንካራ ጥናት ግን ገና አለመኖሩን፣ ብዙ ፅንሶችም በራሳቸው የክሮሞሶም (ዘረመልን የሚሸከም የሴል ክፍል) ችግር እንደሚጨናገፉ በግልጽ ነግረውኛል። ለዚህ ነው ወደፊት ባረግዝም ባላረግዝም በክሊኒኩ ላይ ያለኝ አስተያየት የማይለወጠው።

ቅሬታዬ ከሐኪሟ ክፍል ውጭ ነው። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ የመጣሁበትን ጉዳይ በወረፋተኛ ፊት ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፤ ፅንስ ያጣችን ሴት ሆዳቸው ከገፋ እናቶች ጋር በአንድ አዳራሽ ማስጠበቅም ጭካኔ ነው። ዋጋውም ተቆራርጦ ስለሚነገር፣ የካሜራውን፣ የማደንዘዣውንና የመድኃኒቱን ጠቅላላ ሂሳብ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የምትሄዱ ካላችሁ፣ ማህፀናችሁ የተጠረገበትን ሆስፒታል የመውጫ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።