የአሌክሳንደር ኢሳክን ማሊያ ለመግዛት፦ የኒውካስሉ፣ የሊቨርፑሉ ወይስ የስዊድኑ?

ስዊድናዊው አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳክ እስካሁን የስድስት ክለቦችን ማሊያ ለብሷል፤ በዚያ ላይ የስዊድን ብሔራዊ ቡድን አለ። ሁሉንም ማወዳደር አያስፈልግም። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣባቸው በዋናነት ሦስቱ ናቸው፦ የሁለቱ የእንግሊዝ ክለቦች የኒውካስልና የሊቨርፑል፣ እንዲሁም የስዊድን። ስመርጥ የማስቀድመው አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ በዚያ ማሊያ ምን ሠራበት? ቀለሙም ዋጋውም ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የኒውካስሉ ታሪክ የተሟላ ነው። ኢሳክ የኒውካስል ሜዳ ወደሆነው ሴንት ጀምስ ፓርክ የደረሰው በኦገስት 2022 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ክለቡ እስከዚያ ቀን ለማንም ተጫዋች ያልከፈለውን ገንዘብ ከፍሎበታል። 14 ቁጥር ለብሶ የመጀመሪያ ጨዋታውን በሊቨርፑል ሜዳ በአንፊልድ አደረገ፤ እዚያውም አገባ። በሦስት የውድድር ዘመን በ109 ጨዋታ 62 ጎል አስቆጥሯል። በፕሪሚየር ሊጉ ብቻ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 21፣ ቀጥሎ 23። በየዓመቱ እየጨመረ የሄደ አጥቂ ነው።

ሆኖም የኒውካስል ማሊያ ሲባል የየትኛው ዓመት እንደሆነ ለዩ። የ2022/23ና የ2023/24 ማሊያዎችን ያመረተው ካስቶር ነው፤ የ2024/25ን ደግሞ አዲዳስ። ይገዛ የምለው የመጨረሻውን ነው። ማርች 16 ቀን 2025 ዌምብሌይ ላይ በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ያሸነፉት በዚያ ጥቁርና ነጭ ባለ መስመር ማሊያ ነው። ዳን በርን ከዕረፍት በፊት በግንባሩ አገባ። በ52ኛው ደቂቃ የተሻገረውን ኳስ ጃኮብ መርፊ በግንባሩ ሲያወርደው ኢሳክ አላቆመውም፤ እንደወረደ መታው፣ ገባ። ኒውካስል በአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫ ካነሳ ከ1955 ወዲህ 70 ዓመት ሞልቶት ነበር። አያት ሳያይ የሞተውን ዋንጫ የልጅ ልጅ አየው። ጀርባው ላይ 14 ቁጥርና የኢሳክ ስም ያለበት የዚያ ዓመት ማሊያ ወደፊት የትኛውም ክለብ ቢሄድ ዋጋው አይቀንስብኝም።

አንድ ማሳሰቢያ ለእንግሊዝ ነዋሪዎች። ኢሳክ ከኒውካስል የወጣው በሰላም አይደለም። በ2025 ክረምት መሄድ እፈልጋለሁ ብሎ የአዲሱን የውድድር ዘመን መጀመሪያ ሳይጫወት ቀርቷል፤ ደጋፊውም አምርሮ ተቀይሞታል። ስለዚህ ያንን ማሊያ ለብሶ ኒውካስል ከተማ ውስጥ መዞር እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ላለ ሰው ይህ ጉዳይ አይሆንም። የማሊያው ደረት ላይ የሴላ ማስታወቂያ አለ፤ ሴላም የክለቡ አብላጫ ድርሻ ባለቤት የሆነው የሳዑዲ መንግሥት ፈንድ ኩባንያ ነው። ይህን ከግምት የሚያስገባ ሰው ከመክፈሉ በፊት ይወቀው።

ሊቨርፑል ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። በብሪታንያ የዝውውር ታሪክ ከዚያ በላይ ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ቁጥሩ 9 ሆነ። ማሊያው ያምራል፤ አዲዳስ ከ2012 በኋላ ወደ ሊቨርፑል የተመለሰበት ስለሆነ የድሮውን ማሊያ የሚያስታውስ ሰው በቀላሉ አያልፈውም። እንደ ኢሳክ ማሊያ ስመዝነው ግን ቀሊል ነው። ከወቅቱ በፊት ልምምድ ስላልሠራ ሰውነቱ ዘግይቶ ነው የተነሳው፤ በሊጉ የመጀመሪያ ጎሉን እስኪያገኝ ኖቬምበር ማለቂያ ደርሷል። በዲሴምበር ደግሞ ቶተንሃም ላይ ጎል ሲያስቆጥር ተጎድቶ እግሩ ተሰበረ። እንዲህ ባለ ዓመት የተለበሰ ማሊያ ላይ ስም አሳትሞ መግዛት ተስፋ መግዛት ነው። ልጃችሁ ቀድሞውንም የሊቨርፑል ደጋፊ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ውስጥ አትግቡ፣ እሱን ግዙለት። የኒውካስልን ማሊያ ለሊቨርፑል ልጅ ማምጣት ስጦታ አይሆንም።

ወደ ስዊድኑ ስመጣ ልቤ ያዘነብላል። ኢሳክ የተወለደው ሶልና ውስጥ ነው፤ የስቶክሆልም ጎረቤት ከተማ ናት፣ የብሔራዊ ቡድኑ ስታዲየምም እዚያው ነው። ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው። እኛ ሐበሾች የራሳችን አድርገን ስንደሰትበት ይህን ማምታታት የለብንም፤ የኢትዮጵያ ልጅ አይደለም። በሰፈሩ ክለብ በአኢኮ ከልጅነቱ ጀምሮ አድጎ፣ በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰልፎ ጎል አስቆጠረ። ጃንዋሪ 2017 አቡዳቢ ላይ ስዊድን ስሎቫኪያን 6 ለ 0 ስትረታ ያገባው ጎል በ17 ዓመቱ የብሔራዊ ቡድኑ የምንጊዜም ትንሹ ጎል አስቆጣሪ አደረገው። ክብረ ወሰኑ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነበር።

ይህ ማሊያ ከሁለቱ በሁለት ነገር ይበልጣል። ዝውውር አያስረጀውም፤ ኢሳክ ነገ ክለብ ቢቀይር የስዊድን አጥቂነቱ አይቀየርም። የክለብ ማሊያ በየዓመቱ ሲለወጥ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይቆያል። ደረቱ ላይም ማስታወቂያ የለም፤ ቢጫ፣ የፌዴሬሽኑ አርማ፣ በቃ። ከዚህ ሌላ ደግሞ በገንዘብ የማይመዘን ነገር አለ። ቤቱ እንጀራ እየበላ፣ ትምህርት ቤት ስዊድንኛ እያወራ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ያንን ቢጫ ማሊያ የለበሰ መልከ ሐበሻ አጥቂ በቴሌቪዥን ሲያይ የሚሰማውን የስቶክሆልም ወላጆች ያውቁታል። ለዚያ ልጅ ስዊድናዊ መሆንና የእናቱ ልጅ መሆን አይጋጩም፤ ማስረጃው ሜዳ ላይ ነው። ከአገሩ ውጪ ለሚያድግ ልጅ ስጦታ ከሆነ ሳልጠራጠር የስዊድኑን እመርጣለሁ። ለራሱ ለሚገዛ ጎልማሳ የኳስ ወዳጅ የኒውካስል 2024/25ን።

የኤርትራ ማሊያ ላይ የኢሳክን ስም ላሳትም የሚልም ይኖራል። ፍቅሩ ይገባኛል፤ ግን ያልለበሰውን ማሊያ በስሙ አትግዙ። የወላጆቹን አገር ማክበር ከሆነ የኤርትራን ማሊያ ያለ ስም መልበስ ይሻላል።

ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ደግሞ አራተኛ ምርጫ ልጠቁም፦ የስፔኑ ክለብ የሪያል ሶሲዳድ ሰማያዊና ነጭ፣ 19 ቁጥር፣ የማክሮን ምርት። ፌብሩዋሪ 2020 በስፔን የንጉሡ ዋንጫ ሪያል ማድሪድን በራሱ ሜዳ በርናቤው ላይ 4 ለ 3 ሲጥሉ ሁለቱን ያገባው እሱ ነው፤ ቡድኑም በመጨረሻ ዋንጫውን በላ። ማግኘቱ ግን ያደክማል። የጀርመኑን ክለብ የዶርትሙንድን እለፉት፤ እምብዛም አልተሰለፈም። «ቪለም ሁለት» የተባለው የኔዘርላንድ ክለብ በውሰት ሄዶ 16 የሊግ ጨዋታ አድርጎ 13 ጎል ያገባበት ነው፤ ማሊያውን የሚያሳድድ ሰው ካለ አደንቀዋለሁ።

አሁን ስለ ዕቃው። የአዲዳስ ኦሪጅናል ማሊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተጫዋቾቹ የሚለብሱት ነው፤ ስስ፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ አርማው በሙቀት የተለጠፈ። ሁለተኛው ለደጋፊ የተሠራው ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ አርማው በክር የተጠለፈ። ዋጋቸው በደንብ ይራራቃል። ለየዕለት ልብስ ሁለተኛውን ውሰዱ። ጥልፉ ደጋግሞ ቢታጠብም አይላቀቅም፤ የተለጠፈው ግን ከጊዜ በኋላ ጫፉ ሊነሳ ይችላል። ሆድ ላለው ሰው የተጫዋቾቹ ዓይነት ምቾት አይሰጥም፤ የግድ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ።

መርካቶም ሆነ ስታዲየም ዙሪያ ስትገዙ ፎርጅድ ከኦሪጅናሉ ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ታገኛላችሁ። ፎርጅዱን በፎርጅድ ዋጋ እያወቁ መግዛት ነውር የለውም፤ ሜዳ ላይ ለሚንደባለል ልጅ ይበቃል። የሚያናድደው በኦሪጅናል ዋጋ መሸጡ ነው። ማሊያውን ገልብጡና ውስጥ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ ፈልጉ፤ የምርት መለያ ኮድ አለው። ኮዱን ስልካችሁ ላይ ጻፉና ፈልጉ። የሚመጣው ሌላ ማሊያ ከሆነ፣ ወይም ምንም ካልመጣ፣ መልሳችሁ ስቀሉት። የአርማውን ጥልፍም ከኋላው እዩ፤ የተንጠላጠለ ክር ከበዛበት ጥሩ ምልክት አይደለም።

ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ ከሆነ የልጁን ዕድሜ ብቻ አትንገሩት። የአዲዳስ የልጆች ልክ በቁመት ነው የሚሄደው፤ 128፣ 140፣ 152 እያለ። ልጁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ለኩትና ቁጥሩን በሴንቲሜትር ላኩ፤ በመካከል ከወደቀ ትልቁን ያዙ። ለትንንሽ ልጆች ቁምጣና ካልሲ ያለው ሙሉ ስብስብ ይሸጣል። ስሙን የክለቡ ወይም የፌዴሬሽኑ ሱቅ ያትመው፤ በሌላ ቦታ የሚታተመው የፊደሉ ቅርጽ ይለያል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። ሲታጠብ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን፤ በቁጥሩ ላይ ካውያ አታሳርፉ።