የኪስ አንቴና ወይስ የ10 ሜትር ሽቦ? ሦስት ቅዳሜ በፖቶማክ ወንዝ ዳር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖርበት ሕንፃ በጣሪያም ሆነ በበረንዳ ላይ አንቴና መስቀልን ስለሚከለክል፣ የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ በሬዲዮ ሞገድ ከሌሎች ጋር የመገናኘት) ፈቃድ ካገኘሁ ጀምሮ የምሠራው 10 ዋት የምታወጣውን ትንሽ ሬዲዮዬን በቦርሳ ይዤ ወደ ፓርክ በመውጣት ነው። ብዙ ጊዜ የምሄደው የቼሳፒክና ኦሃዮን ቦይ ተከትሎ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ወደተዘረጋው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሲሆን፣ እዚያም ፖታ በሚባለው፣ አማተሮች ከፓርኮች ሆነው በሚሠሩበት መርሐ ግብር እሳተፋለሁ። ደንቡ አጭር ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ፓርክ ቢያንስ 10 ግንኙነቶችን አድርጎ ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ ያስገባ ሰው ሥራው ይቆጠርለታል። ሦስት አንቴናዎችንና አንድ የመዝገብ ፕሮግራም በአንድ ግምገማ ውስጥ የማነሣው በአንቴናዎቹ መካከል የፈረደልኝ መዝገቡ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የኪስ አንቴና ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ተራ ነበር። ተመዝዞ ሲያበቃ 1.2 ሜትር ያህል የሚረዝም ዘንግ ነው፤ ከሥሩ ጥቅል ሽቦ አለው፣ በቀጥታ ሬዲዮው ላይ ይሰካል፣ 4 ሜትር ገደማ የምትረዝም አንዲት ሽቦም መሬት ላይ ትዘረጋለታለች። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ዛፍ አይፈልግም፣ የመንገደኛን እግር አይጠልፍም፤ ለምሳ ሰዓት እረፍት ወይም ለአውሮፕላን ጉዞ ከዚህ የሚመች አላየሁም። ሆኖም በ20 ሜትር ባንድ፣ ማለትም በ14 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ በሞርስ፣ ማለትም ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚወክለው ኮድ፣ 10 ግንኙነቶችን ለመሙላት አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

ይህ የአሠራር ጉድለት ሳይሆን የተፈጥሮ ሕግ ነው። በዚህ ባንድ የሞገዱ ርዝመት 21 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሙሉ የሩብ ሞገድ ዘንግ ከ5 ሜትር በላይ መርዘም ይኖርበታል። ኃይልን ወደ ሞገድ የመለወጥ አቅምን የሚያመለክተው የጨረራ ሬዚስታንስ በዚያ ዘንግ ላይ 36 ኦም ገደማ ሲሆን፣ በ1.2 ሜትሩ ላይ ግን 1.3 ኦም አካባቢ ብቻ ነው። ጥቅል ሽቦውና መሬቱ በሙቀት መልክ የሚበሉት ለምሳሌ 10 ኦም ነው ብንል፣ ከ10 ዋቱ ውስጥ በረጅሙ ዘንግ 8 ዋት የሚጠጋው ወደ አየር ይወጣል፤ በአጭሩ የሚወጣው ግን ከ1 ዋት ብዙም አይበልጥም። ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሬዲዮው ውስጥ ያለው ማስተካከያ የቋሚ ሞገዱን ምጥጥን 1 ለ 1 አድርጎ ሲያሳይ አንቴናው በሚገባ የሚሠራ ይመስላል፤ ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሬዲዮው ኃይሉን ማስረከቡን እንጂ ኃይሉ ሞገድ ሆኖ መውጣቱን አይደለም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከ5 ሜትር በላይ የሚመዘዝ የማይዝግ ብረት ዘንግ ይዤ ወጣሁ። የፓርኩን መሬት በካስማ መውጋት ስላልፈለግሁ በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አቁሜው አራት ሽቦዎችን በሣሩ ላይ ዘረጋሁለት። አሥረኛው ግንኙነት በ32 ደቂቃ ተመዘገበ። ነፋስ ሲበረታ መወዛወዙና የዘንጉን መጋጠሚያዎች ከአሸዋ መጠበቅ ማስፈለጉ ካልሆነ በቀር የምነቅፍበት ነገር የለኝም።

ሦስተኛው ግን ልቤን የወሰደው ነው፤ ከጫፉ የሚመገብ የግማሽ ሞገድ ሽቦ። ለ20 ሜትር ባንድ 10 ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል፤ በሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) በሺዎች የሚቆጠር ኦም ስለሆነ፣ 49 ለ 1 የሚባለው ትንሽ ትራንስፎርመር ሬዲዮው ወደሚፈልገው 50 ኦም ያወርደዋል። ሁሉም ተጠቅልሎ በአንድ እጅ መዳፍ ይያዛል። የትራንስፎርመሩን ፌራይት ቀለበት ገዝቼ ሽቦውን ራሴ ስለጠመጠምኩት ያወጣሁት ገንዘብ ለሁለቱ ዘንጎች ከከፈልኩት እጅግ ያነሰ ነው። ከዛፍ ላይ መስቀል በማይፈቀድበት ቦታ 7 ሜትር በሚረዝም የፋይበርግላስ ምሰሶ ማንሣት ይቻላል።

ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው ከባቢ አየር ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ፣ የተለያዩ ቅዳሜዎችን በደቂቃ ብቻ ማወዳደር ፍትሐዊ እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ በሦስተኛው ቅዳሜ አጭሩን ዘንግና ሽቦውን በአንድ ሰዓት ውስጥ እያፈራረቅሁ ጥሪ አሰማሁ፤ ከዚያም ሪቨርስ ቢኮን ኔትዎርክ የሚባለው፣ የሞርስ ጥሪዎችን በራሱ እየሰማ ጥንካሬያቸውን በዴሲቤል የሚያሳውቅ የተቀባዮች መረብ ያወጣውን ቁጥር አስተያየሁ። ሁለቱንም የሰሙት ተቀባዮች አጭሩን ዘንግ ከሽቦው ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም በኃይል ከ4 እስከ 10 እጥፍ፣ ዝቅ አድርገው መዝግበውታል፤ ይህም ከላይ ካለው ስሌት ጋር ይስማማል። ሁለት ዛፎች ወይም አንድ ምሰሶ ማግኘት ለሚችል ሰው የኪስ አንቴናን እንደ ዋና መሣሪያ እንዲገዛ አልመክርም።

ወደ መዝገቡ ልምጣ። ለውድድር በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ በነፃ የሚገኘው ኤን1ኤምኤም ሎገር ፕላስ አሁንም ብርቱ ነው፤ ወንዝ ዳር ለተቀመጠ ሰው ግን ስልክ ይበቃል። እኔ የምጠቀምበት ሃም2ኬ ፖሎ በነፃ የሚገኝ፣ ምንጩም ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሲሆን፣ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል። አንዴ ከተጫነና አስፈላጊው መረጃ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት በሌለበትም ይመዘግባል። የጥሪ ምልክቱን (የእያንዳንዱ ጣቢያ መለያ የሆኑትን ፊደላትና ቁጥር) መጻፍ እንደጀመሩ አገሩን ይለያል፤ ኢቲ ሲጻፍ ኢትዮጵያን፣ 4ኤክስ ሲጻፍ እስራኤልን ያሳያል። በአዲስ አበባ 5 ኪሎ ያለው የኢቲ3ኤኤ ጣቢያ አየር ላይ ሲወጣ ጠሪው ስለሚበዛ በዚያ ግርግር መካከል ጣት የሚያደክም ፕሮግራም መያዝ ይጎዳል፤ ፖሎ በዚህ በኩል ያረካኛል።

ለእኛ የሰዓት ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የአማተር መዝገብ የሚያዘው በየትም አገር አንድ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፤ የፖታ ቀንም የሚቆጠረው በዚሁ ነው። በወረቀት እመዘግብ በነበረበት ጊዜ ሰዓትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የማሰብ ልማዴ ተጭኖኝ ስድስት ሰዓት የተዛነፈ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነበር። ኤአርአርኤል የተባለው የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር የሚያስተዳድረው፣ የሁለት ወገኖችን መዝገብ እያመሳከረ ግንኙነትን የሚያረጋግጠው ሎግቡክ ኦቭ ዘ ወርልድ የሁለቱ ወገኖች ሰዓት በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልተቀራረበ ግንኙነቱን ስለማያረጋግጥ፣ የዚያ ገጽ ግንኙነቶች በሙሉ ሳይረጋገጡ ቀርተዋል። ፕሮግራሙ ሰዓቱን ከስልኩ ወስዶ ራሱ ይለውጠዋል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት ወቅት በሜሪላንድ የዓለም አቀፉ ቀን የሚለወጠው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት 7፣ ከዚያ በኋላ 3 ግንኙነት ያደረገ ሰው 10 አልሞላም፤ ሁለት ያልሞሉ ቀኖች ይዞ ነው የሚመለሰው።

ቀድሞ እሠራበት የነበረ ሌላ የስልክ ፕሮግራም በአንድ የስልክ እድሳት ወቅት የሁለት ወር መዝገብ አጥፍቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መዝገቡን አዲፍ በሚባለው የጋራ ቅርጸት አውጥቼ በኮምፒውተሬ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን ቅርጸት የማያወጣ ፕሮግራም ምንም ያህል ቢያምር አልቀበልም። የአዲፍ አንድ እንከን ግን ለአማርኛ ጸሐፊ ያሳዝናል። በብዛት የሚሠራበት የፋይል ዓይነት የሚቀበለው መሠረታዊውን የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በአስተያየት ቦታ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሻገር ተበላሽቶ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በስልኩ ላይ ስሞችን በላቲን እጽፋለሁ፤ በአማርኛ ያወራኋቸውን ሰዎች ስምና የተነጋገርነውን ግን በቦርሳዬ ኪስ በማትለየኝ ደብተር ላይ፣ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ጋር፣ በፊደላችን እመዘግባለሁ።