በደብረ ማርቆስ የተሰጠው የእግር እንክብካቤ የሲፒዲ ሥልጠና፦ የከፈልሁበትና ያገኘሁት

ባለፈው የካቲት በደብረ ማርቆስ ከተማ ለሦስት ቀናት የተሰጠ የእግር እንክብካቤ ሥልጠና ወስጃለሁ። ሥልጠናው ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያዝ ነጥብ የሚያስገኝ፣ በመመሪያ ቋንቋ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ የሚባለው፣ እኛ ግን በየጤና ጣቢያው በአጭሩ ሲፒዲ የምንለው ነው። በምሥራቅ ጎጃም በነርስነት አገለግላለሁ፤ የተመዘገብሁትም የፈቃዴ መታደሻ ተቃርቦ ነጥቤ ስላልሞላ ነበር። ስለ እግር ለመማር ጓጉቼ ሄድሁ ብል እዋሻለሁ።

መመሪያው አንድ የጤና ባለሙያ በዓመት ቢያንስ 30 ነጥብ እንዲያሟላ ያዝዛል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አፈጻጸሙ ላይ ግን ብዙዎቻችን ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለን ከርመን፣ እድሳቱ ሲደርስ ያገኘነውን ኮርስ ሁሉ እየተሯሯጥን እንለቅማለን። እኔም ከቀረቡልኝ ሁለት ኮርሶች ይህን የመረጥሁት ቀኑ ስለተስማማኝና አዳራሹ ለመናኸሪያው ቅርብ ስለነበረ ነው። የምዝገባ ክፍያው ከወር ደመወዜ ሩብ ያህሉን ወስዷል፤ ማደሪያና ምግብም ከራሴ ኪስ ነበር። ስለዚህ ግምገማዬ በገንዘቡ የሚቆጭ ሰው ግምገማ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሙሉ በሙሉ በስላይድ አለፈ። አሠልጣኙ የቁስል አዳዳንን ደረጃዎች ከግድግዳው ላይ ቃል በቃል ሲያነቡልን፣ ከኋላ የተቀመጥነው ስልካችንን ስንነካካ፣ ሰዓቱ ለሻይ ደረሰ። ከሻይ በኋላ ግን ስለ ዝሆኔ በሽታ የመጡት ሁለተኛው አሠልጣኝ ስልኩን ሁሉ ወደ ኪስ አስገቡት። በእኛ አካባቢ በብዛት የምናየው ዓይነት፣ በሕክምናው ስም ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከትንኝም ከትልም እንደማይመጣ፣ ይልቁንም ከእሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሥራት እንደሚነሣ፣ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ አልፎ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ሥሮች እያስቆጣ እንደሚደፍን፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም እንዳለበት አስረዱ። ከ1,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለና ዝናብ በሚበዛበት ደጋ የሚታይ በሽታ ነው ሲሉ፣ አንዱ ሠልጣኝ «ታዲያ የኛው አገር አይደል እንዴ!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ሐምሌና ነሐሴ ለጤፍ በሚለሰልስ ጭቃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በባዶ እግሩ ሲመላለስ የሚውልን ገበሬ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ከፋይላሪያ ዝሆኔ የሚለይበት መንገድ ነው። ፋይላሪያው በትንኝ የሚተላለፍ የቆላ በሽታ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንድ እግር ይይዛል፤ እብጠቱም ወደ ጭን ሊዘልቅ ይችላል። የእኛው ግን ከእግር ጣትና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቆማል፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ ሁለቱንም እግር ይይዛል። ይህን ሳልለይ ስንት ሰው ለደም ምርመራ እንደላክሁ ሳስበው አፈርሁ።

የስኳር ሕሙማን እግር ምርመራ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ድርሻ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ መሣሪያው ግን አሳዛኝ ነበር። ለሠላሳ ያህል ሠልጣኝ የቀረበው አንድ ሞኖፊላመንት ብቻ ነው፤ ይህም ቆዳ ላይ ተጭኖ ሲጎብጥ የ10 ግራም ኃይል የሚሰጥና የእግር ስሜት መኖር አለመኖሩን የሚለካ የናይለን ክር ነው። ክሩ ያለ እረፍት ከአሥር ሰው በላይ ከተሠራበት ጉልበቱ እየላላ ስለሚሄድ፣ ተራው በመጨረሻ የደረሰን ሰዎች የለካነው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አብራኝ የነበረችው ባልደረባዬ በተረከዝ ላይ በጠነከረ ቆዳ ስትሞክር ማንም አላረማትም፤ እዚያ ላይ ስሜት ቢጠፋ ጥፋቱ የቆዳው ይሁን የነርቩ አይታወቅም።

ይህን ሁሉ ያካካሰልኝ የዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በፈቃዳቸው የመጡ አምስት ሕሙማን በአዳራሹ ጓሮ በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ የዊትፊልድ ቅባት (የቆዳ ፈንገስ ማከሚያ)፣ ቫዝሊንና ፋሻ ቀረበ። ለእኔ ቡድን የደረሱን አንዲት እናት ከቀሚሳቸው ሥር እግራቸውን ለማውጣት አመነቱ። አሠልጣኟ ዝቅ ብላ «እማማ፣ እንዳያፍሩ፤ እኛም ልንማርበት ነው» ስትላቸው፣ «አዬ ልጄ፣ ሽታው እንዳያስቸግራችሁ ብዬ ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ሰርተፍኬት ሲያወራ አልሰማሁም። በታጠፈው ቆዳ መካከል የተደበቀውን አፈር በለስላሳ ጨርቅ ማውጣት፣ ከሳሙናው በኋላ በረኪና በተበረዘበት ውኃ መንከር፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት አንድ በአንድ ማድረቅ፣ ቅባቱን መቀባት፣ ፋሻውን ከጣት ጀምሮ ወደ ጉልበት ማጥበቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደብን። የመጀመሪያው ፋሻዬ ቁርጭምጭሚት ላይ ላልቶ ወደ ታች ስለ ወረደ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልሁት። ይህ በየትኛውም ስላይድ ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተሰጠን ወረቀት የበረኪናውን አበራረዝ በመቶኛ ብቻ ጽፎታል። በገጠር ቤት ውስጥ ያለው መለኪያ ግን የጠርሙሱ ክዳንና የውኃው ጆግ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛው በረኪናም ጥንካሬው በግልጽ ላይነበብ ይችላል። አሠልጣኟ በቃል በክዳን ስታሳየን ተረድተናል፤ ወረቀቱን ይዞ ለሚሄደው ሰው ግን ያ አልተጻፈለትም።

ሌላው ያስገረመኝ የአነደድ ወረዳው ጥናት አንዴም አለመነሣቱ ነው። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከአዳራሹ ብዙ በማይርቅ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለው ቀላል የእግር አጠባበቅ ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም መነሣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንክብካቤውን ወዲያው ያገኙት በሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ሲያማቸው፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ ታመዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሕመሙ ጨርሶ እንዳልጠፋም ይናገራል፤ ነገር ግን በአጨዳ ወቅት ሁለት ቀን ተኝቶ ለሚውል ገበሬ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ሕመም መቅረቱ ተራ ነገር አይደለም። ስላይዶቹ ላይ ያየናቸው ፎቶግራፎች በሙሉ የባዕድ አገር እግሮች ነበሩ።

የሦስተኛው ቀን ፈተና ሃያ ምርጫ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ስለ ማጠብና ስለ ፋሻ አንድም አልተጠየቀም። በመጀመሪያው ቀን መነሻ ተብሎ የተሰጠን ፈተናም ያው ስለነበረ ሁላችንም «ተሻሽለናል»። ነጥቡ የሚሰጠው በአዳራሽ ለተቀመጥንበት ጊዜ እንጂ እጃችን ለቻለው ነገር አልነበረም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ በካሊፎርኒያ የእግር ሐኪም ፈቃዱን ለማሳደስ በየሁለት ዓመቱ 50 ሰዓት መሙላት አለበት። በእንግሊዝ ግን በየሁለት ዓመቱ ሲመዘገብ የሰዓት ቁጥር አይጠየቅም፤ የተማረውንና ለታካሚ ያመጣውን ጥቅም መዝግቦ ይይዛል፣ ከተመዝጋቢዎቹም 2.5 በመቶው በዕጣ ተመርጠው መዝገባቸውን ያሳያሉ። በእኔ በኩል ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በጤና ጣቢያ የሚታጠብ እግር ከስላይድ ይልቅ ለመዝገብ ይመቻልና።

ለመመዝገብ ለሚያስብ ባልደረባ ምክሬ ይህ ነው። ሥልጠናው ዝሆኔ ለሚበዛበት ወረዳ ነርስና ጤና መኮንን ይጠቅማል፤ በቁስል ክፍል ለቆየ ሰው የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አዲስ ነገር የለውም። ከመክፈል በፊት ኮርሱ ዕውቅና እንዳለው፣ ስንት ነጥብ እንደሚያዝለት፣ ሕሙማን በየትኛው ቀን እንደሚመጡ በግልጽ ይጠይቅ። የራሱን ሞኖፊላመንት ማግኘት ከቻለ ይዞ ይሂድ።

የእኔ የምስክር ወረቀት በሁለት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ በስድስተኛው ደረሰ። የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለ ነበረ፣ ፈቃድ አዳሹ እንዳይመልሰው ብዬ እንዲታረም መልሼ ላክሁት፤ ይህን በምጽፍበት ጊዜም ገና አልተመለሰልኝም።