በክሩዝ (በመርከብ ሽርሽር) ሄዳችሁ ሮምን በግል መኪና ለመጎብኘት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

የሰውዬውን ስም አልጠራም፤ ስም ማጥፋት አልፈልግም። ግን በመጪው ሰመር ብዙ ሰው ወላጆቹን ይዞ ሜዲትራኒያን ላይ ክሩዝ እንደሚሄድ ስለማውቅ፣ እኛ የተበላንበትን መንገድ ልንገራችሁ።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ እማዬና አክስቴ ሆነን ከባርሴሎና ተነሳን። በጉዞው ወረቀት ላይ "ሮም" የተባለው ቦታ ሮም አይደለም፤ ቺቪታቬኪያ የሚባል ወደብ ነው። ከከተማዋ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገዱ ክፍት ከሆነ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ሲጨናነቅ ግን አንድ ሰዓት ተኩልም ከዚያ በላይም ይፈጃል። ይህችን ርቀት ያዙልኝ።

መርከቡ ራሱ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ለአንድ ሰው 189 ዶላር ነበር። በአራት ሲባዛ ባለቤቴ "ለአንድ ቀን?" ብሎ ዝም አለ። በዚህ መሃል አንዲት ጓደኛዬ "ሮም የሚኖር የአገር ልጅ አለ፣ መኪና ያዘጋጃል" ብላ ቁጥር ላከችልኝ። ዋትስአፕ ላይ ሳናግረው "እህቴ፣ እናንተማ ቤተሰብ ናችሁ፤ በሰው 85 ዩሮ፣ ሁሉም የተካተተበት" አለኝ። ቫቲካን ሙዚየም ከነሲስቲን ቻፕሉ፣ ኮሎሲየም፣ ከዚያ ደግሞ እማዬ የለመነችው አንድ ቦታ ነበረ፤ ፖርታ ካፔና አደባባይ። በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ያን ሁሉ ዘመን የቆመው እዚያ ነው። በ2005 አገሩ መግባቱን ታውቃለች፤ "ቢሆንም የታሰረበትን ልየው" አለች።

150 ዶላር ቀብድ በዜል፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ሂሳብ ወደ ባንክ ሂሳብ በቀጥታ በሚላክበት አገልግሎት፣ ላክሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። የአገር ልጅን ደረሰኝ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

መርከቧ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረሰች። ቀጠሯችን ከወደቡ በር ላይ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። መኪናው 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ፤ የአገር ልጃችን የለም፣ አማርኛ የማያውቅ፣ እንግሊዝኛውም ሁለት ሦስት ቃል የሆነ ጣሊያናዊ ሹፌር ብቻ። ውስጥ ሌሎች ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። "የግል" የተባልነው መኪና ማለት ነው። ስደውልለት "እህቴ፣ ስራ በዝቶብኝ ነው፣ ሹፌሩ ሁሉንም ያውቃል" ብሎ ዘጋው።

ሹፌሩ የሚያውቀው መንገዱን ነበር። ቫቲካን ሙዚየም ደጃፍ ስንደርስ በሩ ዝግ ነው። ቀኑ እሁድ ነበራ! ሙዚየሙ እሁድ እሁድ ዝግ እንደሆነ፣ የሚከፈተውም በወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ እንደሆነ፣ ያውም እስከ እኩለ ቀን ገደማ ብቻ እንደሚያስገባ፣ ሮም ውስጥ በጉብኝት የሚተዳደር ሰው አያውቅም ብሎ ማመን ይከብዳል። መርከባችን የሚቆምበትን ቀን ከሁለት ወር በፊት ልኬለት ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ቀን መቁጠሪያ ማየት የሚከለክለኝ አልነበረም። (ረቡዕ የምትደርሱ ደግሞ ጳጳሱ ሕዝብ የሚያገኙበት ጠዋት ከሆነ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስከ ቀትር አካባቢ ሊዘጋ እንደሚችል እወቁት።)

ኮሎሲየም ጋ "ትኬታችንስ?" ስለው በጣቱ ሰልፉን አሳየኝ። የኮሎሲየም ትኬት በስም ነው የሚቆረጠው፣ ሲገባም መታወቂያ ይጠየቃል። የኛን ስም ደግሞ ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ ያኔውኑ መባነን ነበረብኝ። "ሁሉም የተካተተበት" ማለት ለካ ነዳጅና ሹፌር ማለት ነው። ከውጭ ፎቶ ተነስተን ወጣን። ቀጥሎ ወደ ፖርታ ካፔና እንሄዳለን ስንል፣ ከዚያ በእግር እንኳን የሚደረስ ቦታ ነው፣ ሹፌሩ ይዞን የሄደው የቆዳ ዕቃ መደብር ነው። ቡና ተሰጠን፣ ጃኬት ተለካልን፣ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። አክስቴ ጉልበቷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣ "ይሄ ሰውዬ ከነሱ ጋር ይካፈላል" አለች። እሷ መርካቶ ነው ያደገችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁላችሁም መርከብ ላይ መገኘት ያለባችሁ የመጨረሻ ሰዓት አለ፤ መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ቀደም ይላል። የኛ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ከአገር ልጃችን ጋር የተጻጻፍነው "12 ሰዓት ላይ እመልሳችኋለሁ" የሚል ነው። መደብሩ ውስጥ ሆኜ ሹፌሩን በስልኬ ትርጉም "ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?" ስለው 18:00 ብሎ ጻፈልኝ። የምንነሳበት! ከሮም! ለሱ የተነገረው 12 ሰዓት ላይ ከሮም እንደምንወጣ ነው። ሆዴ ባዶ ሆነ። የእማዬ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ከነሸንገን ቪዛው ካቢን ውስጥ ካዝና ነው ያለው።

ጮህንበት፣ ለመንነው፣ ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣን። መንገድ ላይ "ፓርኪንግ" ብሎ 60 ዩሮ ጠየቀ፤ ሰጠነው፣ በዚያ ሰዓት 200 ቢል እንሰጠው ነበር። ወደቡ ጋ ስንደርስ ወደ ውስጥ የመግባት ፈቃድ የለኝም ብሎ በሩ ላይ አወረደን። ከዚያ የወደቡን አውቶቡስ ጠብቀን፣ አክስቴን በሁለት በኩል ደግፈን፣ መሰላሉ ላይ ስንደርስ ስምንት ደቂቃ ቀርቶናል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሙሉ መንገድ ስትጸልይ ነበር፤ ሐውልቱን አላነሳችውም።

መርከቡ በራሱ ጉብኝት የወጣውን ሰው ይጠብቃል። በግሉ የወጣውን አይጠብቅም፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራስህ ወጪ ነው። የኛ ቀጣይ ኔፕልስ ስለነበር ቢያመልጠን ኖሮ ከሮም በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የእናንተ ሌላ አገር ከሆነ፣ ያውም ፓስፖርት ሳትይዙ፣ አስቡት።

በግል መጎብኘት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። በዚያው መርከብ የነበሩ ሰዎች ከወደቡ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደው፣ 5 ዩሮ ገደማ ከፍለው፣ ሳን ፒየትሮ ጣቢያ ወርደው ባዚሊካውን በነጻ አይተው ተመልሰዋል። መኪና ከሆነ ግን ዋጋው በሰው ነው ወይስ በመኪና፣ ሌላ ሰው ይሳፈራል ወይ፣ ትኬት በማን ስም ተቆረጠ፣ የመኪናው የኪራይ ፈቃድ ቁጥር ስንት ነው፣ ይሄ ሁሉ በጽሑፍ ይምጣ። ሰዓቱን ደግሞ በአበሻ አቆጣጠር አትጻፉት። "17:00 ላይ የወደቡ በር ላይ" ብላችሁ ጻፉና ሹፌሩ ራሱ መልስ ይስጥበት። እኛ የተነጋገርነው በአማርኛ ነበር፣ መሪውን የያዘው ግን አማርኛውን አላየውም።

ቀብድ ካለ በክሬዲት ካርድ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ያልተሰጠ አገልግሎት ሲሆን ሂሳቡ የታየበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል። እኔ ባንኬ ስደውል "ዜሉን ራስሽ ነሽ የላክሽው" ተባልኩ፣ በዚያው አለቀ።

ሰውዬው ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ ሰጠኝ፦ "እህቴ፣ መርከቡ አላመለጣችሁ፣ ምን ጎደለሽ?" ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ማስታወቂያ ለጥፎ አየሁ። በሰው 85 ዩሮ፣ ሁሉም የተካተተበት።